ዋስ የሆነችው መጽሔት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ነገር የሆነው ሩቅ አገር፣ ለንደን ከተማ ነው፤ ነገር ግን ወጉ ከበርበሬ ስለሚነሳ ከቤታችን ብዙ ርቀን አንሄድም።

ከእናንተ መሃል ገበያ ወጥቶ፣ ቀለሙ ዓይን የሚስብ ደም የመሰለ በርበሬ ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲያኝክ ጥርሱ ሥር አሸዋ የገባ የመሰለው ሰው አይጠፋም። ሸክላ ነዋ! ሸክላ ተፈጭቶ ተደባልቆበታል። ቅቤው ውስጥም ሙዝ ይኖራል፣ ማሩ ውስጥም ስኳር ይኖራል፣ እኛም አንድ ቀን ተናድደን፣ አንድ ሳምንት አውርተን፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነጋዴ እንፈልጋለን። የነጋዴውን ስም ግን ማንም ጽፎ አይለጥፍም።

የዛሬ 170 ዓመት ገደማ የለንደን ሰውም ኑሮው እንዲሁ ነበር። ዳቦው እንዲነጣ ሸብ ይገባበታል፣ ቡናው እንዲበዛ ቺኮሪ የሚሉት ሥር ተቆልቶ ይፈጭበታል፣ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ቅመማቸው ደግሞ እንዲቀላ የእርሳስ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ እርሳስ እኮ ነው የምላችሁ፣ መርዙ። እናም አርተር ሂል ሃሳል የሚባል ሐኪም ማይክሮስኮፑን ይዞ ተቀመጠ፣ ከየሱቁ እየተገዛ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ መረመረ፣ ከዚያም የአንዲት መጽሔት ባለቤት ውጤቱን ከነጋዴው ስምና ከሱቁ አድራሻ ጋር ያትም ጀመር። ከ1851 እስከ 1854 ድረስ (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ) እንዲህ ሲያደርግ ኖረ፣ በኋላም አገሩ ምግብ መበረዝን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

መጽሔቷ ላንሴት ትባላለች። ባለቤቷ ቶማስ ዋክሊ የተባለ ከገጠር የመጣ ቀዶ ሐኪም ነበር፣ ያቋቋማትም በ1823 ነው። ላንሴት በቋንቋቸው ሐኪም እባጭ የሚበጣበት፣ ደም የሚያፈስበት ስለታም ምላጭ ነው፤ አናቱ ሾጠጥ ያለ ረጅም የቤተ ክርስቲያን መስኮትም በዚያው ስም ይጠራል። ስለዚህ አንድም መግሉን ታፈርጥ፣ አንድም ብርሃን ታስገባ ብሎ ነው ያወጣላት። ሰውየውም ቀልድ አያውቅም ነበር። በ1828 አንድ የትልቅ ሰው ወንድም ልጅ የሆነ ቀዶ ሐኪም፣ በጥቂት ደቂቃ ማለቅ የነበረበትን የፊኛ ጠጠር ማውጣት አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በሽተኛውን አስሮ ሲፈልግ ቆየ፣ በሽተኛውም በማግስቱ ሞተ፣ ዋክሊም ታሪኩን እንዳለ አተመው። ሐኪሙ ስሜ ጠፋ ብሎ 2000 ፓውንድ ካሳ ጠይቆ ከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱ 100 ፓውንድ ፈረደለት፣ ያቺንም 100 ፓውንድ ሕዝብ አዋጥቶ ለዋክሊ ከፈለለት። እንግዲህ ይህችን መጽሔት ከነባለቤቷ በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ደግሞ የጥናት መጽሔት እንዴት እንደምትሠራ ላጫውታችሁ፤ ይህ ካልገባን የቀረው አይገባንም። አንድ ተመራማሪ አገኘሁ የሚለውን ነገር ጽፎ ይልካል። አዘጋጁ ያነበዋል፣ ይሆናል ካለ ደግሞ ለሁለት ወይም ለሦስት የሙያው ሰዎች ይሰጣቸዋል። እነዚህ ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜ አይከፈላቸውም፣ ስማቸውም አይወጣም፤ ቀን ሥራቸውን ሠርተው፣ ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ መብራት ሥር ቁጭ ብለው ነው የሚያነቡት። እናም ይህቺ ላይ ስህተት አለ፣ ያቺ አልተብራራችም፣ ይህ ድምዳሜ በዛ እያሉ ይጽፋሉ፣ ጸሐፊውም ያርማል፣ ከዚያም ይታተማል። ግን ልብ በሉ፣ ገምጋሚው ወረቀቱን እንጂ በሽተኛውን አያይም። የሆስፒታል ካርድ አይገልጥም፣ ማን ለማን ስንት እንደከፈለ አይጠይቅም፣ ልጁ መናገር ያቆመው መቼ ነው ብሎ እናቱ ቤት አይሄድም። እንዲህ ሆነ ተብሎ ከተጻፈ፣ እንዲህ ሆነ ብሎ ነው የሚነሳው።

እኛ ዘንድ ዋስ የሚባል ሰው አለ። ሰው ሲበደር፣ ሰው ሲቀጠር፣ ሰው ከእስር ሲፈታ ዋስ ይጠራል፣ ዋሱም ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ሻይ ተጋብዞ ይሄዳል። አበዳሪው ብሩን ከካዝናው የሚያወጣው ተበዳሪውን አምኖ አይደለም፣ ዋሱን አምኖ ነው። ተበዳሪው የጠፋ ቀን የማን በር እንደሚንኳኳ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥናት መጽሔትም እንዲሁ ዋስ ናት። ሐኪሙም፣ ጋዜጠኛውም፣ ልጅ ያዘለችው እናትም ጸሐፊውን ከየት ያውቁታል? የሚያውቁት መጽሔቷን ነው።

እንግዲህ ወደ ነገራችን። የካቲት 1998 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ባድመ ላይ ተኩስ ሊሰማ ገና ሁለት ወር ከምናምን ሲቀረው። በሰሜን ለንደን ሃምፕስቴድ የሚባል ኮረብታማ ሰፈር አለ፣ እዚያ ሰፈር ሮያል ፍሪ የተባለ ትልቅ ሆስፒታል አለ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ጊዜውም ክረምታቸው ገና ያልለቀቀበት። ጋዜጠኞች ተጠርተው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ለቴሌቪዥን የሚሆን ፊልም ሳይቀር አስቀድሞ ተቀርጾ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ላንሴት ላይ የሚወጣ ጥናት ሊነገራቸው ነው።

የጥናቱ ጸሐፊዎች 13 ናቸው፣ ፊታውራሪያቸው ዶክተር አንድሩ ዌክፊልድ ይባላሉ። ቁመናቸው ያማረ፣ አንደበታቸው የሰላ፣ ሲናገሩ የሚደመጡ ሰው ነበሩ። ጥናቱ ስለ 12 ልጆች ነው። 12 ልጆች! አንድ ግቢ ውስጥ ኳስ ከሚራገጡት አይበልጡም። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ሁሉም ወንዶች፣ ሆዳቸውን የሚያማቸው፣ የያዙትን ቋንቋ የጣሉ፣ ከሰው የራቁ ልጆች ናቸው ተባለ። የ8ቱ ወላጆችም ነገሩ የጀመረው ልጆቻችን ሦስቱን በአንድ የያዘውን ክትባት፣ የኩፍኝ የጆሮ ደግፍና የሩቤላውን መርፌ ከተወጉ በኋላ ነው አሉ። ጥናቱ ራሱ ክትባቱ ይህን እንዳመጣ አላረጋገጥንም የሚል ዐረፍተ ነገር አለበት። ላንሴትም ከጎኑ የሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ጽሑፍ አወጣች፣ እነሱም ረጋ በሉ፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም ብለው ጻፉ። ጥንቃቄው ነበረ ማለት ነው፣ በትንንሽ ፊደል።

መድረኩ ላይ ግን ሌላ ሆነ። ሐኪሙ ተነሥተው፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሦስቱን በአንድ የያዘውን መርፌ ልደግፍ አልችልም፣ ለየብቻ ቢሰጥ ይሻላል አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ ባልደረቦቻቸው ክትባቱ መቀጠል አለበት ሲሉ ተሰምተዋል፣ ነገር ግን ጋዜጠኛ የትኛውን ይዞ ዳገቱን እንደሚወርድ እናንተም ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ እናቶቹን ሳላስታውስ ማለፍ አልችልም። ትናንት እማ፣ ውሃ፣ ና እያለ ይጣራ የነበረ ልጅ ቀስ በቀስ ዝም ይላል፣ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ ዓይኗን አያይም። በእኛ አገር ቢሆን ጎረቤት እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ እናትየውም ልጇን ጓዳ ትደብቃለች፣ ጸበል ለጸበል ትንከራተታለች። ፈረንጅም ቢሆን እናት እናት ናት። ምን አጥፍቼ ነው ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረች ሴት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አንቺ አላጠፋሽም፣ መርፌው ነው ሲላት፣ አትመነው ማለት በማን አንጀት ይቻላል? እነዚህን እናቶች እኔ አልወቅስም፣ ማንም ሲወቅሳቸውም መስማት አልወድም።

ወሬውም ወረደ። ከሃምፕስቴድ ወረደ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ከጋዜጣ ቴሌቪዥን ገባ፣ ከቴሌቪዥን ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች መሃል ገባ። በ2001 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ ሕፃን ልጅዎ ተከትቧል ወይ ሲባሉ፣ የቤተሰቤ ጉዳይ ነው ብለው አልመልስም አሉ፤ አገሩም ዝምታቸውን እንደየስሜቱ ተረጎመው። እናም ከ100 ሕፃናት 92ቱ ይከተቡ የነበረው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ፣ በ2003 እና 2004 መሃል ወደ 80 ደረሰ። በለንደን ከዚያም በታች ወረደ።

ኩፍኝን የማያውቅ ሰው 80 ብዙ ነው ይል ይሆናል። እኔ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ኩፍኝ የገባበት ቤት መስኮቱ በነጠላ ይሸፈን ነበር፣ ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው ልጆቹ ጨለማ ውስጥ ይተኛሉ፣ የማያውቁት እንግዳ ደጁን እንዳይረግጥ ይባላል፣ እናቶችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። በሽታው በትንፋሽ ይሄዳል፣ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። እንዲህ ያለውን ነገር ለመያዝ ከ100 ልጆች 95ቱ መከተብ አለባቸው ይላሉ የሚያውቁት። የጎደሉት 15 ልጆች አጥር ላይ የተተወ ክፍተት ናቸው፣ ጅብ ደግሞ ክፍተቱን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም። በ1998 በእንግሊዝና በዌልስ በዓመት 56 ሰው ብቻ ነበር ኩፍኝ የያዘው፤ በ2008 ከ1300 በላይ ሆነ። በ2006 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሞተ፤ እንግሊዝ ውስጥ ኩፍኝ ሰው ከገደለ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሌሎች ተመራማሪዎች ዝም አላሉም። በ2002 ዴንማርኮች 537,303 ልጆችን ከመዝገብ አውጥተው፣ የተከተበውን ካልተከተበው ጋር አነጻጽረው፣ ልጅን ከቋንቋውና ከሰው የሚያርቀው ኦቲዝም የሚሉት ነገር በተከተቡት ላይ አልበዛም አሉ። ግማሽ ሚሊዮን ልጅ ከ12 ልጅ ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚከብድ ግልጽ ነው፤ የሰው ጆሮ ግን መጀመሪያ ለሰማው ያደላል።

እንዲህ እንዲህ ሲል 2004 መጣ። ብራያን ዲር የሚባል፣ ሰንደይ ታይምስ ለሚባለው ጋዜጣ የሚሠራ፣ ነገር ከያዘ የማይለቅ ጋዜጠኛ ነበር። ወራት ወስዶ ወረቀት ሲፈነቅል፣ ሰው ሲጠይቅ ከረመና በየካቲት ወር ወደ ላንሴት ቢሮ ሄደ፣ ከአዘጋጆቹም ጋር አምስት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ያመጣው ነገር ምን ነበር? ሐኪሙ ጥናቱን ከማሳተማቸው ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ፣ የክትባት አምራቾችን ሊከስ የተዘጋጀ ጠበቃ ቀጥሯቸው ነበር፣ ለጥናቱም ገንዘብ ተሰጥቶ ነበር። ከ12ቱ ልጆች አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው የዚያው ጠበቃ ደንበኞች ነበሩ። ወረቀቱ ልጆቹ ተራ በተራ ወደ ሆስፒታሉ የመጡ ያስመስላል እንጂ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ተመርጠውና ተጠቁመው የመጡ ነበሩ። ኋላም ነገሩ ሲጠራ፣ ለሐኪሙ በግል የተከፈላቸው 435,643 ፓውንድ ሆኖ ተገኘ፣ ያውም ወጪያቸው ሳይቆጠር፤ ገንዘቡም ለድሃ ተሟጋቾች ከተመደበ የመንግሥት ካዝና የወጣ ነበር። በ1997 ደግሞ ለብቻው የሚሰጥ የኩፍኝ ክትባት የሚጨምር የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ገብቷል። ለየብቻ ቢሰጥ ይሻላል ያሉትን አስታወሳችሁ?

ከዚህ ሁሉ አንዱም ላንሴት ላይ አልተጻፈም ነበር። ለዋሱ አልተነገረውም።

የያኔው የላንሴት አዘጋጅ ሪቻርድ ሆርተን ይባላሉ። ሞኝ ሰው አልነበሩም፣ ክፉም አልነበሩም። የለንደን የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በ1997 ተሰብስበው ስለ ሕትመት ሥነ ምግባር የሚመክር ኮሚቴ ሲያቋቁሙ የላንሴት ድምፅም በመሃላቸው ነበረ፤ ጥናቱ ከመታተሙ ከዓመት በፊት ማለት ነው፣ ነገሩ ደጃቸው ሳይደርስ። ሆርተን ቀደም ሲል በዚያው በሮያል ፍሪ ሠርተዋል፣ ሐኪሙንም በዓይን ያውቋቸዋል። እንግዲህ ጋዜጠኛው ያን ሁሉ ክስ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቶ ሲሄድ ምን አደረጉ? ጸሐፊዎቹን ጠሩና እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ ሆስፒታሉንም ጠየቁ። ዶሮዋን ማን በላት ብሎ ሸለምጥማጡን እንደ መጠየቅ ነው። መልሱም በቀናት ውስጥ መጣ፤ የገንዘቡ ነገር አለ፣ ልጆቹ ላይ የተደረገው ምርመራ ግን ምንም ጉድለት የለበትም ተባለ። እናም ጋዜጣው እሑድ ሳይወጣ ዓርብ ዕለት አዘጋጁ መግለጫ ሰጡ፦ የገንዘቡን ነገር ብናውቅ ኖሮ ይህን ጥናት ባላተምነው ነበር አሉ፣ የቀረውን ክስ ግን አልተቀበልነውም አሉ።

በመጋቢት ከ13ቱ ጸሐፊዎች 10ሩ ፈረሙ። የፈረሙትም ከወረቀቱ ውስጥ ስለ ክትባቱ የተሰጠውን ትርጓሜ ትተነዋል ብለው ነው። ወረቀቱ ራሱ ግን ቆመ። ግማሽ ቤት ፈርሶ ግማሹ እንደቆመ፣ በበሩም ሰው እየገባ እየወጣ፣ 6 ዓመት ሙሉ ቆመ። እኔ በሐኪሙ ከምናደደው ባላነሰ በእነዚህ 6 ዓመታት እናደዳለሁ። አታላይ ከጥንትም ነበረ፣ ነገም ይኖራል፤ ሸክላ የሚፈጭ ሰው በየገበያው አይጠፋም። ነገር ግን ዋክሊ የነጋዴውን ስም ያተመባት መጽሔት፣ የራሷ መደብር ውስጥ ሸክላ ሲገኝ ከረጢቱን ከመደርደሪያ ለማውረድ ስንት ፋሲካ አሳለፈች!

ቀጥሎ የመጣው የአገሩ የሐኪሞች ምክር ቤት ነው። ሸንጎው ሐምሌ 2007 ተከፈተ፣ ሦስት ሐኪሞችና ሐኪም ያልሆኑ ሁለት ሰዎች በዳኝነት ተቀመጡ፣ ከዚያም ክረምት ሄደ፣ በጋ መጣ፣ ምስክር ወጣ፣ ምስክር ገባ፣ 217 ቀን ተሰማ። ውጭ ደግሞ ሐኪሙን የሚደግፉ እናቶች ጽሑፍ ይዘው ይቆሙ ነበር፣ እሳቸውም ሲያልፉ ያጨበጭቡላቸው ነበር። በሸንጎው ፊት የ12ቱ ልጆች ካርድ ተገለጠ። በዚያ ሥራ፣ በዚያ ዓላማ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በመቀመጫቸው ገብቶ አንጀታቸው የታየ ልጆች ነበሩ፣ ከጀርባ አጥንታቸው መሃል በመርፌ ፈሳሽ የተቀዳ ልጆች ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ የአገሩ ሰው አፉን የያዘው በልደቱ ነው። ሐኪሙ የገዛ ልጃቸው ልደት ላይ፣ ሊጫወቱ የመጡትን ልጆች አሰልፈው፣ ለእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ ሰጥተው፣ ለምርምር የሚሆን ደም ቀዱ። ኋላም ካሊፎርኒያ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ ይህንኑ እንደ ቀልድ አወሩት፣ አንዱ ልጅ ራሱን ሳተ፣ ሌላው አስታወከ እያሉ፣ አዳራሹም ሳቀ። ወገኖቼ፣ እስካሁን ሐኪም ናቸው ብዬ አንቱ ስላቸው ነበር። እኔ ባደግሁበት ቤት የሰው ልጅ ለጨዋታ ደጅህ ከመጣ ዳቦ ቆርሰህ፣ አጉርሰህ፣ እስከ በሩ ሸኝተህ ነው የምትልከው። ከዚህ በኋላ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ቢል ፍረዱኝ።

ጥር 28 ቀን 2010 ሸንጎው ብይኑን ሰጠ፣ ሰውየው እምነት አጉድሏል፣ ልጆቹ ላይ ለሚደርሰው ስቃይ ደንታ አልነበረውም አለ። ከ5 ቀን በኋላ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ላንሴት ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ሰረዘች። ከሃምፕስቴዱ ሐሙስ 12 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት መሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓመት እንበል ይሆን? በግንቦትም ስሙ ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። አብረውት የተፋቁት አንጋፋው ሐኪም ጆን ዎከር ስሚዝ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ይግባኝ ብለው በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሸንጎው አመክንዮ ጎዶሎ ነው ብሎ ስማቸውን መለሰላቸው፣ እውነት ከተነገረ ይህም ይነገር። ዌክፊልድ ራሱ አላጠፋሁም እንዳለ ነው።

የልጆቹን ነገር አንድ በአንድ ገልጦ ያሳየን ግን ላንሴት ሳትሆን ጎረቤቷ ናት። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የምትባለዋ ሌላዋ የለንደን መጽሔት በጥር 2011 ያንኑ ብራያን ዲርን ጠርታ ጻፍ አለችው፣ እሱም የ12ቱን ልጆች ካርድ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው። ያልተዛባ አንድ ልጅ እንኳ አልተገኘም። ጤነኛ ነበሩ ከተባሉት 5ቱ ከክትባቱ በፊት ሐኪም ያሳሰባቸው ነገር ነበረባቸው። ቋንቋቸውን ያስጣላቸው ኦቲዝም አለባቸው ከተባሉት 9 ልጆች 3ቱ ጭራሽ ኦቲዝም ተብለው አልተመረመሩም። መጽሔቷም በአዘጋጇ በፊዮና ጎድሊ ብዕር ይህ ስህተት አይደለም፣ ማጭበርበር ነው ብላ ጻፈች። ሰውየውም ስሜ ጠፋ ብሎ ቴክሳስ ላይ ከሰሳት፣ ክሱም ወደቀ። ዋክሊ ከመቃብሩ ሆኖ የሰማ እንደሆነ ፈገግ ሳይል አልቀረም።

ዛሬ ያን ወረቀት ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ። አልተቃጠለም፣ አልተቀደደም፤ ወጉም እንዲህ ነው፣ የተሰረዘ ጥናት አይደበቅም፣ ትውልድ እንዲያየው በየገጹ ላይ በቀይ የተሰረዘ የሚል ቃል ተጽፎበት ይቀመጣል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እኔም አሁን የማወጋችሁን እስከ ሰማሁበት ቀን ድረስ ሳልጠራጠር እደግመው ነበር።

አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሲዳር ሪቨርሳይድ የሚባል ሰፈር አለ። ፎቆቹ ውስጥ ሶማሊዎች ይኖራሉ፣ የእኛም ሰዎች፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ክረምቱ አጥንት ይሰብራል፣ በረዶው ለወራት አይነሳም፣ ሰው ቤት ለቤት እየተጠራራ በሻይና በቡና ነው የሚያሳልፈው። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ሶማሊዎቹ እናቶች አንድ ነገር አስጨነቃቸው፦ አገር ቤት የማናውቀው፣ በቋንቋችን ስም የሌለው ይህ ኦቲዝም የሚሉት ልጆቻችን ላይ ለምን በዛ? አሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፣ የሚመልስላቸው ግን ዘገየ። እናም ሻይ እየተጠጣ አንዷ ለአንዷ መርፌው ነው አሉ አለቻት። ዌክፊልድም ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ እየተጋበዘ መጣ፣ አነጋገራቸው፣ አዘነላቸው። እነዚህ እናቶች ላንሴትን ከፍተው አላነበቡም። የተሰረዘችውም ወረቀት ናት፤ ወሬው ወረቀት አልነበረም፣ የሚሰረዝበት ገጽ አልነበረውም።

በ2004 እዚያ ከተወለዱት የሶማሊ ልጆች ከ100 ውስጥ 92ቱ ተከትበው ነበር፣ ከማንም አያንሱም ነበር። በ2014 42 ሆኑ። በሚያዝያ 2017 ኩፍኝ ገባ፣ ከበር ወደ በር ሄደ፣ 75 ሰው ያዘ፣ አብዛኞቹም ሶማሊዎች ነበሩ። የጤና ሠራተኞች፣ ኢማሞች፣ ከዚያው ሰፈር የወጡ ሐኪሞች ተነሥተው ደረጃውን ይወጡና ይወርዱ ጀመር፣ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው፣ የልጆቹን ስም ጠይቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት፤ አንዷ እናት እሺ ስትል የሚቀጥለውን በር ያንኳኳሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወረርሽኙ አበቃ ተባለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ አልነበረም።

ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ወረቀቷ ሃምፕስቴድ ላይ ስትነበብ አልተወለዱም፣ ለንደን ላይ ስትሰረዝም ገና አልተወለዱም ነበር።